ለስደተኛ ልጆች የቅዳሜ ማዕከል መክፈት፦ ከመጀመሪያው ጉብኝት እስከ መዝጊያው ቀን

አዲስ አበባ ውስጥ ለስደተኛ ልጆች ተብለው የተከፈቱ የቅዳሜ ፕሮግራሞችን ለዓመታት አይቻለሁ። ጥቂቱን ራሴም አስተባብሬያለሁ። የሚወድቁበት ቦታ ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ግቢው ጢም ብሎ ይሞላል። ፊኛው፣ ኬኩ፣ ካሜራው ሁሉ አለ። በሦስተኛው ቅዳሜ ግማሾቹ ልጆች ይቀራሉ። በስድስተኛው በጎ ፈቃደኞቹ ራሳቸው ስልክ ማንሳት ያቆማሉ።

እነዚህ ልጆች ሰው ሲጠፋባቸው የመጀመሪያቸው አይደለም። ስለዚህ አዲስ ሰው ሲመጣ ቀድመው የሚያጣሩት አንድ ነገር አለ፦ በሚቀጥለው ሳምንትም ይመጣል ወይ? ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ሰዓት፣ ያንኑ ምንጣፍ ደጋግመው ካገኙ ይማራሉ፣ ይሥላሉ፣ ይጫወታሉ። ካላገኙ ከመርካቶ በመኪና ሙሉ ከለር ብታመጡም አይመለሱም።

መመሪያው የተዘጋጀው ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ 20 ልጆች፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ2 ሰዓት ተኩል ለሚቆይ ፕሮግራም ነው። ጎፋ መብራት ኃይል ወይም ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ባለ የኪራይ ግቢ ሊሠራ ይችላል። ጋምቤላ፣ ዶሎ አዶ ወይም ዳባት አለምዋጭ ባሉ መጠለያዎች የምትሠሩም ቅደም ተከተሉን መጠቀም ትችላላችሁ። እዚያ ግን ምንም ነገር ከመጀመራችሁ በፊት በሕፃናት ጥበቃ ላይ ከተመደበው ድርጅት ጋር ተነጋገሩ።

ደረጃ 1፦ ከመክፈታችሁ 6 ሳምንት በፊት

1.1 ቤት ለቤት ሂዱ

ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ቢያንስ 8 ቤተሰብ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ አነጋግሩ። መጀመሪያ የማኅበረሰቡን ተወካይ ወይም ሰፈሩ የሚያከብራቸውን እናት ፈልጉ። እሳቸው ያስገቧችሁ። ቡና ከቀረበ ተቀመጡ፤ አትቸኩሉ።

አራት ጥያቄ ይበቃል። ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው? ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል? ቅዳሜ ምን ሥራ አለበት? ማን ያመጣዋል፣ ማን ይወስደዋል? ሦስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። ብዙ ሴት ልጆች የሚቀሩት ታናናሾቻቸውን ስለሚይዙ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ታናሹም ይምጣ፣ አንድ አዋቂ ጥግ ላይ ይያዘው።

የማይጠየቀውንም ልንገራችሁ። እንዴት እንደመጡ፣ አባትየው የት እንዳለ፣ «ፕሮሰሱ» (ወደ ሌላ አገር ሄዶ የመስፈር ጉዳያቸው) የት እንደደረሰ አትጠይቁ። እነሱ ግን ይጠይቋችኋል፦ «ይሄ ነገር ለፕሮሰሳችን ይጠቅማል?» መልሱ ግልጽና አጭር ይሁን፦ «አይጠቅምም፤ አይጎዳምም። የልጆች ፕሮግራም ነው።» ሰውን ለማስደሰት ብላችሁ «እናያለን» ካላችሁ በኋላ የሚመጣውን ቅሬታ አትችሉትም።

1.2 ፈቃዱን ጨርሱ

ሦስት ቦታ ሂዱ። የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት (የስደተኞችን ጉዳይ የሚይዘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት)፣ የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ እና የቤቱ ባለቤት። ከባለቤቱ የቃል ስምምነት አትቀበሉ። ቀኑንና ሰዓቱን፣ የልጁን ብዛት በወረቀት አስፍራችሁ አስፈርሙ። በአንድ ግቢ አከራዩ በአራተኛው ሳምንት «ጫጫታ በዛ» ብለው በሩን ቆልፈውብን ልጆቹን ከመንገድ ላይ መልሰናል። ያን ቀን የተመለሱት ልጆች ግማሹን እንደገና አላየናቸውም።

እግረ መንገዳችሁን የሚሠራ ማዕከል እዩ። ስድስት ኪሎ አካባቢ የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት (ጄአርኤስ የሚባለው የካቶሊክ ድርጅት) ማዕከል አለ። ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ስትሄዱ ከክፍሎቹ ይልቅ በሩ ላይ ልጆችን እንዴት እንደሚቀበሉ ተመልከቱ።

1.3 ግቢውን በልጅ ቁመት ፈትሹ

ተንበርከኩና ዙሩ። የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ፣ የተሰበረ ጠርሙስ ፈልጉ። የመጸዳጃ ቤቱ መቀርቀሪያ ልጅ ከውስጥ ዘግቶ መክፈት የሚያቅተው ከሆነ ቀይሩት። ሮቶው ውሃ መኖሩን በየሳምንቱ ዓርብ አረጋግጡ። ውሻ ካለ ሙሉ ሰዓቱን ይታሰር፤ ከአጠገቡ የማያልፉ ልጆች አሉ።

ዘበኛውን አነጋግሩት። ዩኒፎርምና ዱላ ያስፈራቸዋል። የራሱን ልብስ ይልበስ፣ ዱላውን ያስቀምጥ፣ ልጆቹን በስማቸው ይጥራ። የክፍሉ በር በፕሮግራሙ ሰዓት አይዘጋ። ብዙ ልጆች መውጫው ካልታያቸው ረጋ ብለው አይቀመጡም።

ደረጃ 2፦ አዋቂዎቹን ምረጡ

ለ20 ልጅ 4 አዋቂ ያስፈልጋል። ሁለት ያስተምራሉ፣ አንድ በር ላይ ይሆናል፣ አንድ ደግሞ ለሚያለቅስ ወይም ለሚጣላ ልጅ ነፃ ሆኖ ይቆያል። ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። ቢያንስ አንዱ የልጆቹን ቋንቋ የሚናገር፣ ከዚያው ከስደተኛው ማኅበረሰብ የመጣ ሰው ይሁን። ለዚህ ሰው የትራንስፖርት ወጪውን ሸፍኑ። በጀቱ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይሄ ነው፤ እኔ ግን ከለሩን ቆርጬ ይሄን አስቀራለሁ።

ሁሉም 12 ተከታታይ ቅዳሜ ለመምጣት ይፈርሙ። መፈረም የማይችል ሰው ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም። ዕቃ ይግዛ፣ ዳቦ ያምጣ፣ ወረቀት ይቁረጥ። ልጆቹ ፊት ግን እየመጣ የሚጠፋ ሰው አታቁሙ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ግማሽ ቀን ሥልጠና ስጡ። እነዚህን አራት ሕጎች በተግባር አለማምዱ፦

ሀ. አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሆንም። መጸዳጃ ቤት ሲወስድም ሌላ አዋቂ ያየዋል።

ለ. አይመታም፣ አይቆነጠጥም፣ አይንበረከክም። «እኛም እንዲህ ነው ያደግነው» የሚል ካለ በትሕትና አመስግናችሁ ሸኙት።

ሐ. የልጅ ፊት ፎቶ አይነሳም። በግል ስልክም፣ ለፌስቡክም፣ ለረጂም። ቤተሰባቸው ወደ ኋላ የቀረ ሰዎች አሉ፤ የሚፈልጋቸው ሰው እንዳያገኛቸው የተደበቁም አሉ። እጅና ሥዕል አንሱ።

መ. ለአንድ ልጅ ለብቻው ስጦታ፣ ገንዘብ ወይም የግል ስልክ ቁጥር አይሰጥም።

ካልሆነስ? ከፈረሙት አንዱ በመሃል ቢለቅ ዝም ብሎ አይጥፋ። አንድ ተጨማሪ ቅዳሜ መጥቶ ልጆቹ ለሰላምታ በሚሠሩት ክብ መሃል ይሰናበት። ልጆቹ «ወዴት ነው የምትሄጂው?» ብለው ይጠይቁ፣ መልስ ያግኙ።

ደረጃ 3፦ ዕቃ

እዚህ ላይ ብዙ አትድከሙ። አንድ ደስጣ ወረቀት፣ 4 ሳጥን ከለር እርሳስ፣ 6 ጫፉ የደነዘዘ መቀስ፣ ኮላ፣ ሰሌዳና ቾክ፣ ሁለት ኳስ፣ አንድ ሰፊ ምንጣፍ፣ ሳሙና፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን። ቀሪውን ከቤት ሰብስቡ፦ የሃይላንድ ክዳን፣ ነጠላ ካልሲ፣ ካርቶን፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የካርቶን ፋይል ግን አይቅር። ስሙ ራሱ በሚያውቀው ፊደል ይጻፍበት። ፋይሉ ማዕከሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቅዳሜ ሲመጣ ራሱ ፈልጎ ያነሳዋል። ልጁ «ቦታዬ ነው» የሚለው ፋይሉን ሲያነሳ ነው።

የተሰበረ መጫወቻና ያረጀ ልብስ «ለስደተኞች» ብሎ የሚያመጣ ሰው አይጠፋም። አትቀበሉ።

ደረጃ 4፦ ምዝገባና ጥሪ

የምትጽፉት ስድስት ነገር ብቻ ነው። ልጁ የሚጠራበት ስም፣ የአሳዳጊ ስም፣ ስልክ፣ ቋንቋ፣ የምግብ ወይም የጤና ችግር፣ ልጁን መውሰድ የሚችሉ ሁለት ሰዎች። የስደተኛ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ አትሰብስቡ። ምንም አይሠራላችሁም፤ ከጠፋ ግን ይጎዳቸዋል። መዝገቡ በአንድ ሰው እጅ፣ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ።

ዕድሜ ስትመዘግቡ ወረቀቱን ብቻ አትመኑ። ቀኑን በትክክል የማያውቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ዓመት የመጀመሪያ ቀን እንደተወለዱ ተደርገው ይመዘገባሉ። አጠገቡ ካለው ልጅ ጋር አስተያዩት፣ እናቱን ጠይቁ።

ጥሪ ላይ ያለውን ወጥመድ በራሳችን ስህተት ነው ያወቅነው። «ቅዳሜ 8 ሰዓት» ብለን ጽፈን በተንን። ከካርቱም የመጣች አንዲት እናት ሦስት ልጆቿን አልብሳ፣ ፀጉራቸውን ሠርታ፣ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከተዘጋው በር ፊት ቆማ ነበር። የሷ 8 ሰዓት ያ ነው። እንዲህ ጻፉ፦ «ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ 8 ሰዓት፤ ስልካችሁ ላይ 14:00 ሲል።» ይህንኑ በድምፅ ቀድታችሁ በየቋንቋቸው በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ላኩ። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች አሉ።

ከሰፈሩ ልጆችም ውሰዱ። ከ20ው 5ቱ የኢትዮጵያውያን ጎረቤቶች ልጆች ይሁኑ። አለበለዚያ በአጥር ላይ ተንጠልጥለው የሚያዩ ልጆች ይኖሯችኋል፤ ቀጥሎ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ስደተኛው ልጅ ሰኞ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚያውቀው ፊት ያገኛል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በየደቂቃው

እንግዳ አትጥሩ። ንግግር የለም፣ ሪባን የለም፣ ካሜራ የለም። ፊኛም አትንፉ፤ ሲፈነዳ ምን እንደሚሆን አይታችሁ መማር የለባችሁም።

7:15 — አዋቂዎቹ ይገባሉ። ምንጣፉ ይነጠፋል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ።

8:00 — በሩ ይከፈታል። በር ላይ የምትቆመው ሰው በየሳምንቱ አንድ ትሁን። ጎንበስ ብላ በስም ትቀበል። እጅ ታጥቦ፣ ፋይል ተነስቶ፣ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ።

8:15 — ክብ ተሠርቶ ሰላምታ። በክፍሉ ባለው ቋንቋ ሁሉ ሰላም በሉ፦ «ከመይ»፣ «ኢስካ ዋራን»፣ «ማሌ»፣ «ሰላም»። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ለሌላው ያስተምር። ከዚያ የዛሬውን ቅደም ተከተል በሥዕል ሰሌዳው ላይ አሳዩ፦ ኳስ፣ መጽሐፍ፣ ዳቦ፣ ከለር፣ ቤት።

8:30 — ሰውነት የሚያንቀሳቅስ ጨዋታ። ኳስ መቀባበል፣ ሰኞ ማክሰኞ። ብይና ገበጣም ብዙዎቹ በሌላ ስም ያውቋቸዋል። ድብብቆሽን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተዉት። ለአንዳንዱ ልጅ መደበቅ ጨዋታ አልነበረም።

8:50 — ንባብና ቁጥር።

9:25 — ምግብ። ዳቦና ሙዝ ለጾመኛውም፣ ሐላል ለሚለውም ይሆናል። በረመዳን ለሚጾሙት አስራችሁ ወደ ቤት ስጧቸው። ኦቾሎኒ ከመስጠታችሁ በፊት መዝገቡን እዩ፤ ለትንንሾች ቆሎ አትስጡ።

9:45 — ሥዕልና የእጅ ሥራ።

10:15 — ተረት፣ መዝሙር፣ ስንብት። «ቅዳሜ እንገናኝ» የሚለውን ሁሉም አዋቂ ይበል።

10:30 — ማስረከብ። ስሙ መዝገብ ላይ ከሌለ ሰው አጎትም ይሁን ጎረቤት ልጅ አይሰጥም። ደውላችሁ አረጋግጡ። የሚቆጣ ይቆጣ።

ከእናቱ የማይለይ ልጅ

አትጎትቱት። እናትየው ምንጣፉ ዳር ትቀመጥ። በሁለተኛው ሳምንት በሩ ጋ፣ በሦስተኛው ግቢው ውስጥ። ተደብቃ እንዳትሄድ ግን አጥብቃችሁ ንገሯት። «እሄዳለሁ፤ 10 ተኩል ላይ እመጣለሁ» ብላ ፊት ለፊት ተሰናብታ ትሂድ፣ በሰዓቱም ትምጣ።

ልጁ የሚሳተፈው በናንተ ፍጥነት አይደለም። አንድ የ7 ዓመት ልጅ ነበረን። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቦርሳውን ከጀርባው ሳያወርድ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አንዷ ረዳታችን «አውርደው ልያዝልህ» ስትለው ማሰሪያውን በሁለት እጁ ጨመቀ። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካበትም። ወረቀትና አንድ ሰማያዊ እርሳስ አጠገቡ እያስቀመጥን እንሄድ ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ ቦርሳው ጭኑ ላይ ወረደ። በአምስተኛው ወረቀቱን ቦርሳው ላይ ዘርግቶ መሣል ጀመረ።

ደረጃ 6፦ ንባብና ቁጥር

በዕድሜ አትከፋፍሏቸው፤ በሚያውቁት ልክ ከፋፍሏቸው። ሦስት ቡድን ይበቃል። ትልልቆቹ ጀማሪዎች ግን የሕፃን መጽሐፍ ሲሰጣቸው ያፍራሉ። ለነሱ የታክሲ መስመር፣ የሱቅ ዋጋ፣ የኳስ ቡድኖች ስም የተጻፈበት ካርድ አዘጋጁ።

ከኤርትራ የመጣ ልጅ። ትምህርት ቤት ከገባ ፊደሉን ያውቀዋል፤ ትግርኛ የሚጻፈው በዚሁ ፊደል ነው። ከ«ሀ ሁ» አታስጀምሩት። የሚቸግረው ቃሉ ነው። ሥዕል ያለበት ካርድ ሥሩና ሁለቱንም ጻፉበት፦ ማይ/ውሃ፣ ገዛ/ቤት፣ ቆልዓ/ልጅ። በሁለት ወር ውስጥ ጮክ ብሎ ለሌሎች የሚያነብላችሁ እሱ ነው።

ከሱዳን የመጣ ልጅ። ደብተሩን ከኋላ ቢከፍት አትሳቁ፣ አትገልብጡበትም። አረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚጻፈው። ከላይ በግራ ጥግ ትንሽ ቀስት ሣሉለት፤ ዓይኑ ይለምዳል። ትልቁ ችግር ቁጥር ላይ ነው። እነሱ በተማሩበት አጻጻፍ አምስት ክብ ናት፣ የኛን ዜሮ ትመስላለች። ዜሮ ደግሞ ነጥብ ናት። ስድስታቸው የኛን ሰባት ይመስላል። አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ሰሌዳው ላይ 10 ሲደመር 10 ተጽፎ 30 ብላ መለሰች። በጎ ፈቃደኛው «አልገባትም» ብሎ ወደ ጀማሪዎቹ ሊያወርዳት ነበር። ልጅቷ ያነበበችው 15 ሲደመር 15 ነው። መልሷ ትክክል ነበር። ስለዚህ የሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ከዚያ በፊት ማንንም አትፈትኑ።

ሶማሊኛ የሚጽፍ ልጅ። ሶማሊኛ ከ1972 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ድምፁ ግን እንግሊዝኛ እንደምናውቀው አይደለም። «ሲ» የምንላት ፊደል እዚያ «ዐ» ናት፣ «ኤክስ» ደግሞ «ሐ»። ዓሊ የሚባል ልጅ ስሙን በ«ሲ» ቢጀምር አልተሳሳተም። አታርሙት።

ከደቡብ ሱዳን የመጡት ብዙ ጊዜ ትምህርት የጀመሩት በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ሲደርስ አጋዥ አድርጓቸው፤ አማርኛ ላይ ዝም ያለ ልጅ እዚያ ላይ ይናገራል።

ካልሆነስ? አስተርጓሚው ከቀረ ትምህርቱን አትሰርዙ። ቁጥር፣ ሥዕልና ኳስ ቋንቋ አይፈልጉም። ሌላ ልጅ ግን በአስተርጓሚነት አታሠሩ፣ በተለይ ስለ ቤት ጉዳይ።

ደረጃ 7፦ ሥዕልና የእጅ ሥራ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ስህተቱ የሚመጣውም ከደግነት ነው። «ቤታችሁን ሣሉ፣ ቤተሰባችሁን ሣሉ፣ የመጣችሁበትን መንገድ ሣሉ» ይባላል። አትበሉ። እናንተ ሳይኮሎጂስት አይደላችሁም። ልጁ አንዴ ከከፈተው በኋላ 10:30 ላይ ምን ይዞ ወደ ቤት እንደሚሄድ አስቡ።

ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ይህን ተከተሉ፦

1ኛ ሳምንት፦ እጅን ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን መሣል፣ ከዚያ ማቅለም።
2ኛ፦ የሃይላንድ ክዳን በካርቶን ላይ ለጥፎ እንስሳ መሥራት።
3ኛ፦ የማዕከሉን ካርታ መሥራት። በሩ የት ነው፣ ውሃው የት ነው፣ ምንጣፉ የት ነው።
4ኛ፦ ከካልሲ አሻንጉሊት።
5ኛ፦ አሻንጉሊቶቹ እርስ በርስ ሰላም ይባባሉ፤ አጭር ተረት ይጫወቱ።
6ኛ፦ በጋራ አንድ ትልቅ ሥዕል፣ በአራት ወረቀት ተቀጣጥሎ።

ሥዕሉን ስታዩ «ምንድን ነው ይሄ?» አትበሉ። «ስለ ሥዕልህ ልትነግረኝ ትፈልጋለህ?» በሉና ዝም በሉ። «አልፈልግም» ካለ በቃ። «ጎበዝ» ብሎ ከማለፍ ያያችሁትን ተናገሩ፦ «ሰማያዊ ብዙ ተጠቅመሃል፤ እዚህ ጥግ ላይ ደግሞ ዛፍ አለ።»

ጠመንጃ፣ እሳት፣ የወደቀ ሰው ቢሥልስ? አትቀሙት፣ አትደንግጡ፣ ለሌላው አታሳዩ። እንደማንኛውም ሥዕል ቀን ጻፉበትና ፋይሉ ውስጥ አስገቡት። ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ ለረጂ ሪፖርትም አታውሉት። ልጁ መናገር ከጀመረ አዳምጡት። «ከዚያስ?» እያላችሁ አትጎትቱ። ሲጨርስ ወደ ክፍሉ መልሱት፦ «አሁን እዚህ ነን። ውሃ ትጠጣለህ?» ይህ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ ወይም ልጁ አይተኛም፣ አይበላም፣ ሽንቱ ያመልጠዋል ከተባለ፣ ወደ ባለሙያ የሚመሩትን አነጋግሩ።

ትርጉም ለመስጠትም አትቸኩሉ። አንዷ በጎ ፈቃደኛ «ልጁ ሁሉን ነገር በጥቁር ነው የሚሥለው» ብላ ተጨንቃ መጣች። ሳጥኑን ከፍተን ስናይ የሌሎቹ እርሳሶች ጫፍ ሁሉ ተሰብሯል። መቅረጫ አምጡ።

ደረጃ 8፦ ነገር ሲበላሽ

ድንገተኛ ድምፅ። ርችት፣ የጎማ ፍንዳታ፣ ነጎድጓድ። ጠረጴዛ ሥር የገባ ልጅ ካለ አታውጡት። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። በዝግታ ድምፅ ምን እንደሆነ ንገሩት፦ «የመኪና ጎማ ነው። እዚህ ማንም አልመጣም።» በእግሩ መሬቱን እንዲረግጥ፣ ምንጣፉን በእጁ እንዲዳስስ ጠይቁት። ሌሎቹን አንዱ አዋቂ ወደሚያውቁት መዝሙር ይውሰዳቸው። ለመስቀልና ለአዲስ ዓመት ርችት እንደሚኖር ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጠብ። ለያዩ፣ አራርቁ፣ ከዚያ ነው ወሬ። በወገንና በአገር ስም የተሰደበ ልጅ ካለ እንዳልሰማችሁ አትለፉ። «እዚህ ቤት እንዲህ አይባልም» በሉ፣ በሁሉም ፊት፣ ሳትጮኹ።

ልጅ ጥቃት ደርሶብኛል ቢል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን በቃላችሁ ያዙ።
አንደኛ፣ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉ።
ሁለተኛ፣ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። «ሊረዳህ ለሚችል ሰው እነግራለሁ» በሉ።
ሦስተኛ፣ አትመርምሩ። ያለውን ብቻ፣ በራሱ ቃል፣ በዚያው ቀን ጻፉ።
አራተኛ፣ በማዕከሉ ለዚህ ለተመደበው አንድ ሰው ብቻ ስጡ። እሱ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛን፣ የወረዳውን ወይም በፖሊስ ጣቢያ ያለውን የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ያነጋግራል። ቤተሰብ ውስጥ የደረሰ ከሆነ ተጠርጣሪውን ራሳችሁ ሄዳችሁ አታናግሩ።
የወሲብ ጥቃት ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለዚህ የተቋቋመ የአንድ መስኮት ማዕከል (ሕክምናውም፣ ምክሩም፣ የሕግ ድጋፉም በአንድ ቦታ የሚገኝበት) አለው።

አካላዊ ጉዳት ወይም ድንገተኛ ሕመም ሲገጥም የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ግድግዳ ላይ ጻፉት።

የሚወስደው ያልመጣ ልጅ። ሁለት አዋቂ ይቆይ። ልጁ ፊት «እናትህ ምን ነካት» አይባል። ከለሩን መልሳችሁ አውጡ፣ ደውሉ።

ወላጅ የሌለው ልጅ። ያለ ወላጅ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ጋር የሚኖር ልጅ ካገኛችሁ ለሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛው አሳውቁ። ቤተሰቡን ማፈላለግ ከፈለገ ቀይ መስቀል የጠፋ ቤተሰብ የሚያገናኝ አገልግሎት አለው። እናንተ ግን በፌስቡክ አታፈላልጉ።

የልጁ ቁጥር እጥፍ ቢሆን። 40 ልጅ በር ላይ ሲቆም ልባችሁ አይችልም፤ አውቃለሁ። አታስገቡ። ስም መዝግቡ፣ እሑድ ሁለተኛ ቡድን ክፈቱ። 40 ልጅ በ4 አዋቂ ከያዛችሁ ለማንም የሚሆን ማዕከል አይኖራችሁም።

ደረጃ 9፦ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት

ቅዳሜ የትምህርት ቤት ምትክ አይደለም። ከክረምቱ አጋማሽ ጀምሮ ያልተመዘገቡትን ለዩ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛና ጥገኝነት ጠያቂ ልጆች በቅድመ መደበኛና በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያውያን እኩል እንዲስተናገዱ ይላል። የአዋጁን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ።

ርዕሰ መምህሩ «የክፍል ካርድ የለውም» ካሉ አትጣሉ። «የመመደቢያ ፈተና ይስጡልን» በሉ። ፈተናውን የሚወስድበት ቋንቋ ችግር ከሆነ ከናንተ የሚያስተረጉም ሰው ቀርቦ እንዲያግዝ ጠይቁ። «አንደኛ ክፍል ይግባ» ተብሎ የ12 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመት ልጆች ጋር እንዳይቀመጥ ተከራከሩ፤ እንዲያ የገባ ልጅ ገና ከመጀመሪያው ሴሚስተር ይወጣል። ምዝገባው ሲያልቅ የመጀመሪያውን ሳምንት ጠዋት ጠዋት ከሰፈሩ ልጆች አንዱ አብሮት እንዲሄድ አመቻቹ።

ደረጃ 10፦ ስንብትና መዝጊያ

አንዳንድ ልጅ በመሃል ይሄዳል። ፕሮሰሱ ያልቅና በሳምንት ውስጥ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ይገባል። ቀድማችሁ ካወቃችሁ በክቡ ሸኙት፤ ፋይሉን ይውሰድ። ሳትሰሙ ከሄደ ለቀሩት እውነቱን ንገሩ። «አላውቅም» ማለት ካለባችሁም በሉ። ስሙን በዚያው ቅዳሜ ከዝርዝሩ አትሰርዙት።

ማዕከሉ ራሱ የሚዘጋ ከሆነ ከሦስት ሳምንት በፊት ተናገሩ። ሰሌዳ ላይ ሦስት ሳጥን ሣሉ፤ በየሳምንቱ አንድ ልጅ አንዱን ያጥፋ። በመጨረሻው ቅዳሜ አዲስ ነገር አትጨምሩ። እጅ መታጠብ፣ ፋይል፣ ክብ፣ ኳስ፣ መጽሐፍ፣ ዳቦ፣ ከለር፣ ተረት። ሌላ ፕሮግራም ካገኛችሁላቸው አድራሻ ብቻ አትስጡ፤ አንድ ቀን አብራችሁ ወስዳችሁ በር ላይ ከምትቀበለው ሰው ጋር አስተዋውቋቸው። ምንጣፉን ልጆቹ ራሳቸው ይጠቅልሉት። ፋይሉን ለእያንዳንዱ በእጁ ስጡት።

ያልተወሰዱ ፋይሎች ይተርፋሉ። አትጣሏቸው። የአሳዳጊው ስልክ መዝገቡ ላይ አለ፤ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንሱና ላኩላቸው።